ካልሲኒውሪንን በምስር የተረዳሁበት መንገድ

ደሴ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ በትርፍ ጊዜዬ የፈንገስ ሕዋስ አከፋፈልን እያጠናሁ ነው። ለወራት ያስቸገረኝ ነገር ባለፈው ሳምንት ስለተፈታልኝ፣ ይህንኑ ጥናት ለጀመራችሁ ባልደረቦቼ ላካፍል ወደድሁ።

ጅምሩ ቀላል ነበር። ከጎረቤታችን የጠላ ጥንስስ ጥቂት ወስጄ በውኃ አቀጠንሁና በ400 እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ የተባለው እርሾ ከጎኑ እንደ እምቡጥ እያበጠ ሲራባ ተመለከትሁ።

ያስቸገረኝ ካልሲኒውሪን የተባለው ኢንዛይም ነው። ካልሲየም የያዘ ካልሞዱሊን የተባለ ፕሮቲን ሲጣበቅበት ይነቃል፤ ሥራውም ከሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የተባለውን፣ ፎስፈረስና ኦክስጅን የያዘ ትንሽ ተለጣፊ ማንሣት ነው። እኔ ግን ፕሮቲን ለሥራ የሚነሣሣው ፎስፌት ሲጨመርለት ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ መቀነስ ሥራን እንዴት እንደሚያስጀምር ሊገባኝ አልቻለም። በስም የተሞላው ደብተሬም ምንም አልረዳኝም፤ የኢንዛይም ስም መሸምደድ ጊዜ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ። የረዳኝ አንድ ረጅም ቁራጭ ወረቀትና ጥቂት ምስር ነው። ወረቀቱን ሲዲሲ15 የተባለው ፕሮቲን አድርጌ፣ ምስሮቹን በፎስፌት ምትክ ለጠፍሁበትና አጠፍሁት፤ ከዚያም የካልሲኒውሪንን ሥራ እየሠራሁ ምስሮቹን አንድ በአንድ ስለቅም ወረቀቱን ዘረጋሁት። በሕዋሱም ውስጥ ሲዲሲ15 ፎስፌት ሲበዛበት ይታጠፋል፤ ሲነሣለት ግን ይዘረጋና የሕዋሱን ሽፋን ይይዛል፣ ሕዋሱን ለሁለት ለመክፈል በወገቡ ዙሪያ የሚጠብበውን ቀለበትም ያጸናል። ካልሲኒውሪን የሌላቸው ሕዋሳት ግን የመለያያ ግድግዳ ሠርተውም በወጉ ሳይላቀቁ፣ ብዙ ግድግዳ ይዘው ተያይዘው ይቀራሉ።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ የሰጠሁትን የተሳሳተ ትምህርት መናገር አለብኝ። ይህ ሁሉ የስኪዞሳካሮማይሲስ ፖምቤ ታሪክ ነው። ፓውል ሊንድነር የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1893 (እ.ኤ.አ.) ከምሥራቅ አፍሪካ ቢራ የገለጸው፣ ስሙንም ቢራ ማለት ከሆነው ከስዋሂሊው «ፖምቤ» ያገኘው፣ እንደ ዘንግ ረዝሞ መሐል ለመሐል የሚከፈል እርሾ ነው። እኔ ግን የጠላውንም እርሾ ጨምሬ፣ ያለ ካልሲኒውሪን የትኛውም እርሾ በደንብ አይከፈልም ብዬ አስተምሬ ነበር። የጠላው እርሾ በተመቸው ሁኔታ ያለ ካልሲኒውሪን ያድጋል፤ የሚቸገረው እንደ ጨው ብዛት ያለ ጫና ሲገጥመው ነው። በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ አርሜዋለሁ፤ እናንተም ስታጠኑ በየማስታወሻችሁ ራስጌ የየትኛው እርሾ እንደሆነ ጻፉ።

የፖምቤን እርሾ እስካሁን በማይክሮስኮፕ አላየሁም። በወሎ ውስጥ የሚያራባው ባልደረባ ካለ፣ ወረቀቴንና ምስሬን ይዤ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።