የተዘቀዘቀ ዩካታ

በግራ እጄ አንጓ ላይ፣ ሰዓት ሳስር ግማሹ የሚሸፈን ትንሽ የመስቀል ንቅሳት አለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ክረምቱን ጎጃም አያቴ ዘንድ በከረምሁበት ጊዜ አንዲት ነቃሽ በመርፌና በጥላሸት የወጋችኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሐዋሳም ሆነ በሌላ ቦታ ስለዚህ ንቅሳት ማብራሪያ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ባለፈው ዓመት በጃፓን አገር በአንድ ባህላዊ የፍል ውኃ ማረፊያ ለማደር ክፍል ስይዝ ግን፣ የማልበላው ምግብ እንዳለ ከተጠየቅሁ በኋላ የቀረበልኝ ሁለተኛ ጥያቄ በሰውነቴ ላይ ንቅሳት ይኖር እንደሆነ የሚል ነበር።

ጉዳዩን ሳጠና ምክንያቱ ገባኝ። በጃፓን ንቅሳት ያኩዛ ከሚባሉት የወንጀል ቡድኖች ጋር ተያይዞ ስለሚታይ ብዙ የሕዝብ መታጠቢያዎች ንቅሳት ያለበትን ሰው አያስገቡም፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1948 ድረስ መነቀስን በሕግ ከልክሎ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከኒውዚላንድ የሄዱ አንዲት የማኦሪ ሴት በፊታቸው ላይ ባለው ባህላዊ ንቅሳት የተነሣ በሆካይዶ ደሴት ከአንድ መታጠቢያ በር ተመልሰዋል። ይህን ሳነብ አያቴ አንገቷን ዙሪያውን ከተነቀሰችው ጌጥ ጋር እዚያ ደጃፍ ብትቆም ምን ሊሏት እንደሚችሉ አሰብሁና ብቻዬን ሳቅሁ። የእኔን ፎቶግራፍ አንሥቼ ላክሁላቸው፤ በማግስቱ የመጣው መልስ፣ ንቅሳቱ ትንሽ ስለሆነ በፕላስተር ሸፍኜ መግባት እንደምችል በብዙ ትሕትና የሚገልጽ ነበር።

ወደ ጃፓን የሄድሁት ለጉብኝት አልነበረም። መሥሪያ ቤቴ ስለ መጠጥ ውኃ ጥራት ምርመራ የሦስት ሳምንት ሥልጠና እንድወስድ ወደ ፉኩኦካ ልኮኝ ነበር፤ በመካከል የተገኘውን አንድ ቅዳሜና እሑድ ባልደረቦቼ ለገበያ ሲያውሉት እኔ ወደ ቤፑ ሄድሁ። ከፉኩኦካው ሀካታ ጣቢያ «ሶኒክ» የሚባለው ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ኮኩራ ሲደርስ ባቡሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ስለሚቀይር ተሳፋሪው ሁሉ ብድግ ብሎ መቀመጫውን ያዞራል፤ እኔ ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ ከኋላዬ ከነበሩት ባልና ሚስት ጋር ፊት ለፊት ተፋጥጬ ቀረሁ።

ቤፑ ከ2,000 በላይ የፍል ውኃ ምንጮች ያሉባት ከተማ ናት። እኔ ባረፍሁበት ካናዋ በሚባለው ሰፈር እንፋሎቱ ከመንገድ ዳር ቦይ፣ ከቤት ጓሮ፣ ከአጥር ሥር እየተትጎለጎለ ይወጣል፤ አየሩ ድኝ ድኝ ይሸታል። እየፈሉ የሚንተከተኩትን ኩሬዎች ጃፓኖች «ገሃነም» ብለው ሰይመዋቸዋል፤ ሰማያዊው የባሕር ገሃነም፣ በብረት ማዕድን የቀላው ደግሞ የደም ኩሬ ገሃነም ይባላል። እኛ ከሐዋሳ ብዙ ሳይርቅ ከምድር የሚፈልቀውን የዚያኑ ዓይነት ውኃ ወንዶ ገነት ብለነዋል። የትኛችን እንደተሳሳትን እንጃ።

ሪዮካን የሚባለው የጃፓን ባህላዊ የእንግዳ ማረፊያ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ሥራ ነው፤ በያማናሺ ግዛት የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ705 የተመሠረተው ኬይዩንካን በጊነስ መዝገብ የዓለም አንጋፋ ሆቴል ተብሎ ተመዝግቧል። የእኔው ግን ዘጠኝ ክፍል ብቻ ያለው፣ አንድ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው የእንጨት ቤት ነበር። ሒሳቡ በክፍል ሳይሆን በሰው ይታሰባል፣ እራትና ቁርስም በውስጡ አለ፤ እንግዳው ምን እንደሚበላና በስንት ሰዓት እንደሚበላ የሚወስነው ግን ቤቱ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መግባት፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እራት፣ በማግስቱ ጠዋት በአራት ሰዓት መውጣት። ያን ያህል ገንዘብ ከፍዬ በሰዓቴ ላይ ሌላ ሰው ማዘዙ መጀመሪያ ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ አያቴ ቤት እንግዳ ምን መብት እንደነበረው ሳስታውስ ግን ተውሁት። እዚያም እንግዳ እግሩን ታጥቦ፣ በተሰጠው ቦታ ተቀምጦ፣ የቀረበለትን ይበላ ነበር እንጂ «ዛሬ ምን አለ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ዘወር ስል ስወጣ በቀላሉ እንዳጠልቃቸው አፍንጫቸው ወደ ውጭ ዞሮ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ናካይ የሚባሉት አስተናጋጅ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ የሚያልፍ ሴት፣ ወደ ክፍሌ መሩኝ፤ ተንሸራታቹን በር የከፈቱት ቆመው ሳይሆን ተንበርክከው ነው። ክፍሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ አንድ ዝቅተኛ ጠረጴዛ፣ እግር የሌለው ወንበር፣ ጥግ ላይ ተንጠልጥሎ የተሰቀለ ጽሑፍና አንድ ዘለላ አበባ ብቻ ነበሩበት። ወለሉ ታታሚ ነው፤ ውስጡ ተጠቅጥቆ የተሰፋ የሩዝ ጭድ፣ ላዩ እንግጫ ከሚመስል ሣር የተሸመነ ወፍራም ምንጣፍ ሲሆን፣ የበዓል ጉዝጓዝ በሁለተኛው ቀን የሚሸተውን ሽታ ይሸታል። ሴትዮዋ ሻይ ቀዱልኝ፣ ከአጠገቡ አንድ ጣፋጭ አስቀመጡልኝ፣ በቤቱ ውስጥ የምለብሰውን ዩካታ የሚባል የጥጥ ልብስ አሳይተውኝ ወጡ።

ዩካታውን እንደመሰለኝ ለብሼ፣ የቀኙን ጎን ከላይ አድርጌ መቀነቱን አሰርሁና ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ሴትዮዋ ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ የታየው ቁጣም ሳቅም አልነበረም፤ ድንጋጤ ነበር። ፈጠን ብለው መጥተው፣ ይቅርታ እየጠየቁ መቀነቱን ፈቱ፤ የግራውን ጎን ከቀኙ በላይ አድርገው መልሰው አሰሩልኝ። ከዚያም በስልካቸው የትርጉም መሣሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አሳዩኝ፦ ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሞተ ሰው ነው። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። አንዲት ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሠርግ ቤት ብትገባ እናቴ ምን ዓይነት ፊት እንደምታሳይ አውቃለሁ፤ የሴትዮዋም ፊት ያው ነበር። ጥለቱ በየት በኩል እንደሚውል ማየት ብቻ ሐዘንተኛን ከእድምተኛ እንደሚለይ ለአንድ የውጭ አገር ሰው ለማስረዳት ሞክሬ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኝ ነበር።

ወደ ውኃው ልምጣ። መታጠቢያው ለሴትና ለወንድ ተለይቶ በመጋረጃ የተከለለ ነው፤ የዋና ልብስ ለብሶ መግባት አይፈቀድም። በጣም አፍሬ ነበር፤ ካደግሁ ወዲህ በእናቴ ፊት እንኳ ልብሴን ያወለቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ልብሴን በቅርጫት አኑሬ ቤቱ የሰጠኝን ፕላስተር አንጓዬ ላይ ለጠፍሁ። ፕላስተሩ የቆዳ ቀለም እንዲኖረው ተብሎ የተሠራ ነው፤ የማን ቆዳ እንደሆነ ግን እጄ ላይ ሲያርፍ ታወቀ። ማንም ሳያስተውለው የኖረው መስቀል አሁን ከሩቅ የሚጣራ ነጭ አራት ማዕዘን ሆነ።

በልብስ መቀየሪያው ግድግዳ ላይ የውኃው የምርመራ ውጤት በመስታወት ተሸፍኖ ተሰቅሏል። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣው ሕግ መሠረት አንድ ውኃ ኦንሰን፣ ማለትም ፍል ውኃ፣ ለመባል ከምንጩ ሲወጣ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ መሞቅ፣ አለበለዚያ ደግሞ በሕጉ ከተዘረዘሩት 19 ንጥረ ነገሮች ቢያንስ አንዱን በተወሰነው መጠን መያዝ አለበት፤ ውጤቱንም እንግዳው በሚያየው ቦታ መስቀል ግዴታ ነው። ሌሎቹ ሴቶች እያለፉኝ ሲገቡ እኔ ራቁቴን ቆሜ ሶዲየምና ክሎራይድ ስፈልግ ነበር። የሙያ ነገር ሆኖ ካነበብኋቸው የላቦራቶሪ ወረቀቶች ሁሉ በዚያ ሁኔታ ያነበብሁት እርሱን ብቻ ነው።

ከተገባም በኋላ ቢሆን ወዲያው ወደ ገንዳው አይኬድም። በግድግዳው ዙሪያ ዝቅተኛ በርጩማዎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ፊት ሻወር፣ ሳሙናና መቅጃ ጣሳ አለ። ሰው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ከጠጉሩ እስከ እግር ጣቱ ይታጠባል፣ አረፋው ከበርጩማው ላይ ሳይቀር እስኪጠራ ድረስ ይለቀልቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ፍል ውኃው የሚገባው። ሳሙና ወደ ገንዳው አይደርስም፤ ትንሿ ፎጣ እንኳ ውኃውን እንዳትነካ ሴቶቹ አጣጥፈው አናታቸው ላይ ያኖሯታል። እኛ ወንዶ ገነት የምንሄደው ሳሙናችንን ይዘን ልንታጠብ ነው፤ እዚህ ግን ውኃው የሚቀበለው ታጥቦ የመጣን ሰው ነው። በዚህ እነርሱ ልክ ናቸው፤ ይህን የምለው በሙያዬም ጭምር ነው።

ካናዋ አካባቢ ውኃው ከምድር ሲወጣ ወደ 100 ዲግሪ የሚጠጋበት ቦታ አለ። ቀዝቃዛ ውኃ ቢጨመርበት ማዕድኑ ስለሚቀጥን፣ ከላይ ወደ ታች በተሰቀለ የቀርከሃ ጭራሮ ላይ እያንጠባጠቡ በነፋስ የሚያበርዱ ቤቶች አሉ። የእኛ ገንዳ 42 ዲግሪ ያህል ነበር። እግሬን ሳስገባ ወዲያው መልሼ አወጣሁት፤ አጠገቤ የነበሩት አሮጊት ግን እስከ አንገታቸው ሰጥመው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቀስ ብዬ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ እያልሁ ገባሁ። ውኃው ከንፈሬ ላይ ጨው ጨው አለኝ፤ ክንዴን በመዳፌ ስዳብሰው ቅቤ የተቀባ ያህል ያዳልጣል። አምስት ደቂቃ ያህል እንደቆየሁ ልቤ በጆሮዬ ውስጥ መምታት ሲጀምር ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ኀፍረቱ የት እንደሄደ አላውቅም።

የእራቱን ዝርዝር ልተወው፤ ከአሥር በላይ ትንንሽ ሳህን ነበር። የአሳማ ሥጋ እንደማልበላ አስቀድሜ ስለጻፍሁ፣ በተፈጥሮ እንፋሎት በሚበስለው ቅርጫት ውስጥ ከስኳር ድንችና ከዱባ ጋር ዶሮ አድርገውልኛል። ጥሬ ዓሣ ሲቀርብ ሴትዮዋ እንዳልደነግጥ በሥጋት አዩኝ፤ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ጥሬ ቆሮሶ በዳጣ እያጠቀስሁ ያደግሁ መሆኔን በምን ቋንቋ ልንገራቸው። ዋሳቢ የሚሉት አረንጓዴ ማባያ ከዳጣ የሚለየው ምላስን ትቶ በቀጥታ ወደ አፍንጫ መውጣቱ ነው። ያጣሁት ነገር ቢኖር «በሞቴ» የሚለኝ ሰው ነበር፤ ምግቡን ያኖራሉ፣ ጎንበስ ብለው ይወጣሉ፣ የቀረውን ሳህን አይተው ምንም አይሉም። ክፍሌ ስመለስ ጠረጴዛው ጥግ ይዞ በቦታው ፉቶን የሚባለው የመሬት ፍራሽ ተነጥፎ ነበር፤ መሬት ላይ ተኝቼ ወገቤን ሳያመኝ ያደርሁበት የመጀመሪያው ሌሊት ነው።

ሊነጋጋ ሲል ወደ ውጭው ገንዳ ሄድሁ። ያቺው የማታዋ አሮጊት ቀድመውኛል። በሙቀቱ የፕላስተሩ አንድ ጥግ ተነሥቶ ኖሮ በጣታቸው አመለከቱኝ፤ ደንግጬ እጄን ውኃ ውስጥ ደበቅሁ። እጄን ከውኃው አውጥተው ፕላስተሩን እስከ ግማሽ ገለጡት፣ መስቀሉን ጥቂት አዩት፣ ያልገባኝ አንድ ነገር ተናገሩና በአውራ ጣታቸው ተጭነው መልሰው ለጠፉት።

ስወጣ በመንገድ ዳር በፍል ውኃ የተቀቀለ እንቁላል ገዝቼ ባቡሩ ላይ በላሁ፤ ወንዶ ገነት ልጆች ከምንጩ እያወጡ የሚሸጡልንን ድንችና በቆሎ አስታወሰኝና ለእናቴ ደወልሁላት።

«ውኃው ለወገብ ይሆናል?» አለችኝ ከሰላምታው ቀጥላ።

«ይሆናል ይላሉ እማዬ። ከገንዳው ከወጡ በኋላ ግን በሌላ ውኃ አይለቀለቁም፤ ማዕድኑ ቆዳ ላይ እንዲቀር ነው አሉ።»

«እንዲያ ከሆነማ ጠበል ነው በይኛ! ጠበል መቼ ይታጠቡታል?» ብላ ጥቂት ዝም አለችና፣ «ለመሆኑ ለአንድ ሌሊት ስንት ወሰዱብሽ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ኔትወርኩ አስቸገረኝ አልኋት።