ማሰራጫውን አጥፊውማ

ሥራዬ ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት ክፍል መፈተሽ ነው። የተደበቀ መቅጃ ወይም ማይክራፎን ካለ ፈልጌ አወጣለሁ። የጠፋ፣ ባትሪው ያለቀ ዕቃ እንኳን አያመልጥም። መፈለጊያው እጀታ ያለው ትንሽ ራዳር ነው። የላከው ሞገድ ዳዮድ ወይም ትራንዚስተር (የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ክፍሎች) ሲያገኝ ድግግሞሹ ሁለት እጥፍና ሦስት እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። በ900 ሜጋኸርዝ ልከን በ1800 እና በ2700 እናዳምጣለን ማለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው ነገሩ የሆነው። ሥራ ከጀመርኩ ገና አራተኛው ወር ነበር። ጋሼ (አለቃችንን እንዲህ ነው የምንጠራቸው) ታች ከጥበቃዎቹ ጋር ሲነጋገሩ እኔ ቀድሜ ገባሁ። መሣሪያው ካለፈው ሥራ 915 ላይ ነበር የቀረው። እንዳለ አበራሁት።

መስኮቱ አጠገብ ስደርስ መሣሪያው ላይ ያሉት የሁለተኛው እጥፍ መብራቶች እስከ ጫፍ በሩ። የሦስተኛው ምንም አይልም። የዛገ ሚስማርና የተነካካ ቆርቆሮ ሦስተኛውን ነው የሚያጎሉት፤ ሁለተኛው ከበለጠ ኤሌክትሮኒክስ አለ ብለን እንይዛለን። ስለዚህ አልተጠራጠርኩም። ልቤ ድው ድው ይላል። የአስተዳደሩን ሰውዬ አስፈቅጄ ጂፕሰሙን መዳፍ በሚያህል ቀደድኩት። ውስጡ ብሎኬትና አቧራ ነው። ትንሽ ወደ ግራ ሌላ ቀዳዳ ከፈትኩ። ባዶ። ነጩ ዱቄት ምንጣፉ ላይ ተበትኗል፤ ሰውዬው ዝም ብለው ያዩኛል።

ጋሼ ገቡ። ቀዳዳዎቹን አዩ፣ ቁጥሩን አዩ። አልተቆጡም።

“ማሰራጫውን አጥፊውማ” አሉኝ።

አጠፋሁት። መብራቶቹ እንደበሩ ናቸው።

ምንም ሳንልክ የሚመለስልን ነገር ሊኖር አይችልም። መስኮቱን ከፍተው በእጃቸው አሳዩኝ። ማዶ ያለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ የሞባይል ታወር ቆሟል፣ አንቴናዎቹ ፊታቸውን ወደኛ አዙረዋል። 915 እጥፉ 1830 ነው። በ1800 ባንድ (የድግግሞሽ ክልል) ታወር ለስልኮች የሚናገረው ደግሞ ከ1805 እስከ 1880 ባለው ላይ ነው። ግድግዳውን እያዳመጥኩ መስሎኝ ለካ ታወሩን ነበር የማዳምጠው።

ከዚያ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ መስመር አሰመሩ። ይቺን ወረቀት እስካሁን አስቀምጫታለሁ። ስልኮች ለታወር የሚናገሩት ከ1710 እስከ 1785 ነው፣ ታወሩ የሚመልሰው ከ1805 ጀምሮ። በመሀል 20 ሜጋኸርዝ ክፍት ነው። “እጥፋችን እዚህ ይውደቅ” አሉ። ቀጥለው ሦስተኛውን እጥፍ አሰሉ። እስከ 2690 ድረስ አሁንም የሞባይል ባንድ ነው። ከ2700 ወዲያ የአየር ማረፊያ ራዳሮች ባንድ ይጀምራል። በሁለቱ መሀል ያለው 10 ሜጋኸርዝ ግን ማንም እንዳያሰራጭበት በዓለም አቀፍ ደንብ ለሬዲዮ አስትሮኖሚ ተጠብቋል። የከዋክብትን ድምፅ ለሚያዳምጡ ሰዎች ሲባል ዝም የተባለ ቦታ! እኔ በበኩሌ ይህን ስሰማ ሰውነቴን ወረረኝ። 898 ላይ ብንልክ ሁለተኛው 1796፣ ሦስተኛው 2694 ይሆናል። ሁለቱም ጸጥታ ውስጥ ይገባሉ።

ዋጋ ግን አለው። 898 ራሱ ስልኮች በ900 ባንድ ለታወር የሚናገሩበት ቦታ ነው። ጮክ ብለን ብንልክ ታወሩን እንረብሻለን። ስለዚህ ኃይሉን ዝቅ አድርገን፣ ጀርባችንን ለመስኮቱ ሰጥተን፣ በአጭር በአጭሩ ነው የምንልከው። ኃይሉ በግማሽ ሲቀንስ የሁለተኛው እጥፍ መልስ ወደ ሩብ ይወርዳል። መድኃኒቱ መቅረብ ነው፤ በቀመሩ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር መልሱ 64 ጊዜ ይጎላል።

“የ2.4 ጊጋኸርዙን መፈለጊያ ለምን አናመጣም?” ብዬ ጠየቅኩ። እጥፉ 4.8 ስለሆነ ከዚህ ታወር ያመልጣል። የሞገዱ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነም ትንንሽ ሰርኪዩት ላይ ጎበዝ ነው፤ የ900ው 33 ነው። “እሱ ለእስክሪብቶና ለመብራት ሶኬት ነው” አሉኝ። “ወፍራም፣ እርጥበት ያለው ግድግዳ ግን ይበላዋል።”

በ898 እንደገና ዞርኩ። መስኮቱ ጋ ጸጥ። የበሩ መቃን ላይ ሦስተኛው ጎላ፤ በጎማ መዶሻ ነካ ሳደርገው መብራቱ ዘለለ። የዛገ ሚስማር ነው። ጠረጴዛው ራስጌ ስደርስ ሁለተኛው በራ። መታ መታ አደረግኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ተንበርክኬ ከሥር አየሁ። በሁለት ብሎን የታሰረ፣ ሽቦው የተቆረጠ የድሮ የስብሰባ ማይክራፎን ሰርኪዩት ነበር። ቢሮው ሲታደስ የተረሳ መሆኑን ሰውዬው አስታወሱ።

በማግሥቱ ለሳኝ ይዤ ተመለስኩ። እሱ ቀዳዳዎቹን ሲደፍን እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ፣ ማሰራጫውን አጥፍቼ፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየቀየርኩ አዳመጥኩ።