መሬቱ ነው የወጣው

ዛሬ ጅማ ዳር፣ ተዳፋት ላይ ያለ የቡና ማሳ በድሮን ሲነሳ አንድ አባት ቀና ብለው «ልጄ፣ ይቺ ነገር እየወረደች ነው እንዴ?» አሉ። ስክሪኑ 100 ሜትር እንዳለ ነው። ድሮኗ አልወረደችም፤ መሬቱ ነው ወደ እሷ የወጣው።

ያ 100 የሚለካው ከተነሳችበት ቦታ ነው። ማሳው 40 ሜትር ከፍ ሲል ከመሬት ያላት ርቀት 60 ብቻ ይሆናል። እያንዳንዱ ፎቶ የሚሸፍነው ቦታ ይጠብና 75 በመቶ የታሰበው የተከታታይ ፎቶዎች መደራረብ ወደ 58 ይወርዳል፤ ካርታው የሚበጣጠሰው እዚያ ላይ ነው።

መፍትሔው በረራው በሚታቀድበት ሶፍትዌር፣ ሚሽን ፕላነር ላይ፣ የከፍታውን ዓይነት ከ«ሬላቲቭ» (ከመነሻው የሚለካ) ወደ «ቴሬይን» (ከስር ካለው መሬት የሚለካ) መቀየር ነው። በበረራው መስመር ላይ የየነጥቡን ከፍታ በእጅ ማስተካከል ብቻውን አይበቃም፤ በሁለት ነጥቦች መካከል በረራው ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ መሃል ላይ ያለ ጉብታ ሊመታት ይችላል። ሶፍትዌሩ የሚጠቀምበት የመሬት ከፍታ መረጃም የዋንዛውን ጫፍ በትክክል አያውቅም፤ የረጅሙ ዛፍ ቁመት ይደመርበት።

ድሮኗ ወደ መነሻዋ የምትመለስበት ከፍታም አይረሳ፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከመነሻው ነው።

የእኚያ አባት ዓይን ግን ከስክሪኑ ቀድሞ አይቶታል። ያን ዳገት በየቀኑ በእግራቸው ነው የሚወጡት።