በምንቃሯ ላይ የቆየው ቅርፊት

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምንኖርበት ሕንፃ ጎረቤታችን የነበሩት አሮጊት መጦሪያ ሲገቡ አረንጓዴ በቀቀናቸውን ለልጄ ተዉላት። ከነጭራዋ ከአንድ ስንዝር አታልፍም። በምንቃሯ ሥርና በአፍንጫዋ ቀዳዳዎች ዙሪያ ግራጫ ቅርፊት ነበራት። ከጅማ የመጣችው እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየቻትና፣ «ይህ እኮ ዶሮ እግር ላይ የሚወጣው ነው። ቅንቅን ነው» አለች።

አልተሳሳተችም። የዶሮን እግር ቅርፊት በቅርፊት የሚያደርገውና የትንንሽ በቀቀኖችን ፊት የሚያበላሸው ቅንቅን የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በማጉያ ሲታይ ቅርፊቱ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ተባዩ ቆዳውን እየቦረቦረ የሚገባባቸው ናቸው። እዚያው ይራባል፣ እዚያው ያድጋል፣ ከወፏ አይወርድም። ቀን በእንጨት ስንጥቅ ተሸሽጎ ሌሊት ደም ለመምጠጥ ከሚወጣው ቀይ ቅንቅን የሚለየው በዚህ ነው። ችላ ከተባለ ምንቃሩን ያጣምማል፣ የተጣመመው ደግሞ ቅንቅኑ ከጠፋም በኋላ ላይቃና ይችላል።

እናቴ በአገር ቤት የዶሮውን እግር ላምባ ይቀቡት እንደነበር ነገረችኝ። የእንስሳት ሐኪሟ ግን ለዚህች ወፍ ፈጽሞ እንዳይሞከር አስጠነቀቀችን፤ ላባዋ በቅባት ከራሰ ሙቀቷን መያዝ ያቅታታል፣ የላምባው ትነትም ሳንባዋን ይጎዳል። በምትኩ የማጅራቷን ላባ ገለጥ አድርጋ ቆዳዋ ላይ አንዲት ጠብታ አይቨርሜክቲን አሳረፈች፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላም ይደገማል። እናቴ የመድኃኒቱን ስም ስትሰማ ፊቷ በራ። በጅማ በኩል በጥቁር ዝንብ ንክሻ ለሚተላለፈው የኦንኮሰርካ በሽታ ቁመታችንን በዘንግ እየለኩ ያድሉን የነበረው ክኒን እርሱው ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እንዴት ደስ ባለኝ! ሐኪሟ ግን ከቅርፊቱ ይልቅ ያስጨነቃት ሌላ ነበር። ወፏ ላባዋን ነፍታ ትቀመጣለች፣ ስትተነፍስ ጭራዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ኩሷም አረንጓዴ ውኃ ሆኗል። ቅንቅን ይህን ሁሉ አያደርግም። ከአፏና ከኩሷ ናሙና ተወሰደ፤ ውጤቱም ክላሚዲያ ሲታሲ የሚባለው ባክቴሪያ እንዳለባት አሳየ። ወፎች ሕመማቸውን እስከ መጨረሻው ይደብቃሉ፤ በዱር የደከመች ወፍ የአዳኝ ሲሳይ ናትና። ስለዚህ ባለቤቱ «ዛሬ ትንሽ ዝም ብላለች» ሲል በሽታው ሥር ሰዶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ዶክሲሳይክሊን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ላይ ናት። ለወፎች ሕክምናው ብዙውን ጊዜ እስከ 45 ቀን ይዘልቃል። ካልሲየም መድኃኒቱን አስሮ ወደ ደሟ እንዳይገባ ስለሚያግድባት፣ ካልሲየም ያለበትን የምትፍቀውን የኖራ ድንጋይ ከሽቦ ቤቷ አውጥቼዋለሁ። «ከሐኪሙ ክፍያ በታች በሆነ ዋጋ አዲስ ትገዢ የለም ወይ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሲሉኝ ያመኛል። በዋጋዋ ማነስ ምክንያት መተንፈስ እያቃታት ልትተው አይገባም።

ደግሞም ጉዳዩ የእርሷ ብቻ አይደለም፤ ይህ ባክቴሪያ ወደ ሰው ይተላለፋል። ከእኛ ብዙም በማትርቀው አናፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለገና ስጦታ የተገዛ አንድ በቀቀን ቤተሰብ አሳምሞ ነበር። በሽታው በሌሎች ከተሞችም ታየ፣ የሚያጠኑት የመንግሥት ቤተ ሙከራ ሠራተኞችም ተያዙ፣ ከመካከላቸውም የሞተ ነበር። በጥር 1930 ፕሬዚዳንት ሁቨር በቀቀን ወደ አሜሪካ እንዳይገባ አገዱ። ያኔ ዶክሲሳይክሊን አልነበረም። ዛሬ በጊዜ ከታወቀ የሚድን በሽታ ነው።

የሚተላለፈው በአብዛኛው የደረቀ ኩስና የላባ ብናኝ በአየር ሲሳብ ነው። ስለዚህ የሽቦ ቤቷን በደረቁ አልጠርግም፤ አስቀድሜ በውኃ አርሼ፣ ጭምብልና ጓንት አድርጌ ወረቀቱን ጠቅልዬ አወጣዋለሁ። ልጄ ከሩቅ ታወራታለች፤ እስክትድን መንካት ክልክል ነው። እናቴ አስም ስላለባት ወፏን ወደ እኔ ክፍል አዛውሬያታለሁ። ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም ደረቅ ሳል ከመጣባት ለሐኪሙ ቤት ውስጥ የታመመች በቀቀን እንዳለች መናገር እንዳለባት ነግሬያታለሁ። በሽታው ጉንፋን ወይም ተራ የሳንባ ምች ይመስላል፤ ሐኪም ደግሞ ወፍ እንዳለን ላይጠይቅ ይችላል። ያ ቀን ከመጣ አብሬያት ሄጄ እኔው እናገራለሁ።