የኔቫዳ በረሃ፣ አርቪ እና አሮጌ የወርቅ ጉድጓዶች፦ እስካሁን የለመድነው

ባለፈው ስለ አርቪው፣ አልጋና ምድጃ ስላለው የመኪና ቤታችን፣ ግዢ ስጽፍ «ገዛችሁት፣ ታዲያ የት ትሄዱበታላችሁ?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። መልሱ አጭር ነው። በረሃ። አሮጌ የወርቅ ማዕድን ያለበት በረሃ።

እኔ ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ባለቤቴ ሆቴል ትሠራ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን የማውቃት ኔቫዳ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት ነበረች። ከከተማው ወጣ ሲሉ ያለውን አገር «ምን አለው? ድንጋይ ነው» እያልኩ አልፌው ኖርኩ። አሁን ያ ድንጋይ ነው ከቤት የሚያስወጣን። ልጆቻችን «አባዬ፣ ክሩዝ አይሻልም?» ይሉናል። ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲደውል ደግሞ «ወርቅ አገኛችሁ ወይ?» ነው የሚለው። አላገኘንም፣ አንፈልግምም። እኛን የያዘን ሰዎቹ ምን ሠርተው፣ ለምን ጥለው እንደሄዱ ማወቁ ነው።

መጀመሪያ ስለ አካሄዱ። አርቪው ራሱ ጉድጓዶቹ ድረስ አይሄድም። ረጅም ነው፣ ከባድ ነው፣ ሆዱም ዝቅ ያለ ነው። አስፋልቱ አጠገብ ወይም ደህና ጥርጊያ መንገድ ላይ እናቆመዋለን። የቀረውን ከኋላ የምንጎትታት አሮጌ ጂፕ ትወስደናለች። ኮረትና አሸዋ ላይ ስንደርስ ጎማዋን ትንሽ እናስተነፍሳለን። ጎማው ሰፍቶ አሸዋውን ይይዛል፣ ወገብ የሚያፈርሰው ንዝረትም ይቀንሳል። ወደ አስፋልት ስንመለስ በትንሽ ኮምፕረሰር መልሰን እንነፋዋለን።

ማደሪያ ብዙ ጊዜ ነፃ ነው። የኔቫዳ መሬት አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ከዚያም የሚበዛውን የሚያስተዳድረው ቢኤልኤም የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ክልከላ በሌለበት ቦታ እስከ 14 ቀን ያለ ክፍያ ማደር ይቻላል፤ ከዚያ ቦታ መቀየር ነው። 62 ዓመት የሞላችሁ ሲኒየር ፓስ የሚባለውን የአረጋውያን የፓርክ መግቢያ ካርድ ሳታወጡ እንዳትቀሩ። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው በ80 ዶላር ለዕድሜ ልክ ያገኘዋል። አጎራባች ካሊፎርኒያ ያሉት ብሔራዊ ፓርኮች፣ ዴዝ ቫሊም ሆነ ጆሹዋ ትሪ፣ መግቢያ አትከፍሉም፣ ብዙ የፌዴራል ካምፖች ላይም ግማሽ ዋጋ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለኛ ለጡረተኞች ትልቅ እፎይታ ነው።

ስንት ቀን እንደምንቆይ የሚወስነው ውሃ ነው። ነዳጁም ምግቡም ከውሃው በኋላ ነው የሚያልቀው። ፓርኮቹ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 1 ጋሎን ያዙ ይላሉ። ግን ታንኩን የሚጨርሰው ዕቃ ማጠቢያው ነው። ባለቤቴ መላ ያገኘችለት በምግቡ በኩል ነው። ድርቆሽ ከቤት አዘጋጅታ ትይዛለች። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ቆሎ ፍሪጅ አይፈልጉም። ሽሮውን ሠርቶ ድርቆሹን እዚያው መፈትፈት ነው፤ የሚታጠበው አንድ ድስት ብቻ። አጠገባችን የሰፈሩ ፈረንጆች ፓስታ ቀቅለው ውሃውን ሲደፉ አይቼ ከልቤ አዝኛለሁ። ቡና አልተውንም። ጀበናዋ ፕሮፔኑ ምድጃ ላይ ትጣዳለች። ከሰል ግን በነፋሱና በእሳት ክልከላው ምክንያት ቤት ይቀራል።

ወቅቱ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል ነው። በሰመር፣ በአሜሪካ የሙቀት ወራት፣ አትሞክሩት። ዴዝ ቫሊ ውስጥ ፈርነስ ክሪክ ላይ በ1913 ጁላይ 10 የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ ዛሬ የዓለም ሬከርድ ሆኖ ተይዟል። የኢንሱሊንና የደም ግፊት መድኃኒት የምትይዙ ሰዎች ይህን አስቡት። እኛ ለገናና ለጥምቀት ከተማ እንመለሳለን፤ መሃሉን ግን ውጭ ነን።

ለጀማሪ የምመክረው ራዮላይትን ነው። ከላስ ቬጋስ በ95 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ 115 ማይል ያህል ነድታችሁ ቢቲ የምትባል ትንሽ ከተማ ትደርሳላችሁ። ራዮላይት ከዚያ ጥቂት ማይል ናት፣ መንገዱም ለማንኛውም መኪና ይሆናል። በ1904 ሾርቲ ሃሪስና ኤድ ክሮስ የተባሉ ሁለት ወርቅ ፈላጊዎች እዚያ ኮረብታ ላይ ወርቅ የያዘ አረንጓዴ መሳይ ድንጋይ አገኙ። ወሬው ተሰማ፣ ሰው ጎረፈ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባቡር፣ መብራት፣ ስልክ፣ ሆስፒታልና ጋዜጣ ያላት ከተማ ሆነች። የብረት ቱጃሩ ቻርልስ ሽዋብ በ1906 ትልቁን ማዕድን ገዛው። ባለ ሦስት ፎቅ ባንክ ቆመ። ቶም ኬሊ የሚባል ሰው ደግሞ እንጨት ቢቸግረው ቤቱን በጠርሙስ ሠራ፤ 50,000 ያህል ጠርሙስ ገብቶበታል ይባላል። ጠርሙሱ ከየት እንደመጣ የመጠጥ ቤቶቹ ብዛት ይናገራል።

ከዚያ በ1907 የገንዘብ ቀውስ መጣ። ባለ ገንዘቦች እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ማዕድኑም የተወራለትን ያህል አልሆነም። በ1911 ተዘጋ። በ1916 መብራቱ ተቆረጠ። ጎብኚ ሁሉ ባንኩን ነው ፎቶ የሚያነሣው። እኔን የሚያሳዝነኝ ትምህርት ቤቱ ነው። የኮንክሪት ሕንፃ ነው፣ በ1909 አለቀ። ሰው መልቀቅ ጀምሮ ስለነበር ክፍሎቹ በተማሪ ሞልተው አያውቁም።

እዚያ አካባቢ ስንሰፍር ያገኘነው አንድ የሚኒሶታ ጡረተኛ ነው ነገሩን በደንብ ያስጀመረን። «ጉድጓዱን ተዉት፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ክምር እዩ» አለን። ከዚያ ወዲህ የምንሠራው ይህንኑ ነው።

ክምሩ ከውስጥ የወጣው ድንጋይ ነው። ትንሽ ከሆነ አንድ ሰው በዶማና በአካፋ ሞክሮ የተወው ነው። ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ክምር ካለ ደግሞ ከሥሩ ረጅም ዋሻ አለ ማለት ነው፣ አፉ ጠባብ ቢሆንም። ቀጥሎ የድንጋዩን ዓይነት ማየት ነው። ሻካራውና ትልልቁ ወርቅ የለውም ተብሎ የተጣለ ነው። ነጣ ያለና የላመ ክምር ካያችሁ ግን ተፈጭቶ ወርቁ የወጣለት ነው፤ ስለዚህ አጠገቡ መፍጫ ነበር፣ ለመፍጫውም ውሃ ከአንድ ቦታ ይመጣ ነበር። ያን ውሃ መፈለግ ለኔ ዋናው ጨዋታ ሆኗል። የዛገ ቧንቧ፣ የተሰነጠቀ ገንዳ፣ ከተራራው ጥግ የምትታይ አረንጓዴ ቁጥቋጦ ይመራችኋል።

ቆሻሻ መጣያቸውም ይናገራል። መሃሉ ላይ በእርሳስ የተበየደ ነጥብ ያለው ቆርቆሮ የድሮው ነው። ሐምራዊ ብርጭቆ ካያችሁ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ መሆኑ አይቀርም። ያኔ ብርጭቆውን ለማጥራት ማንጋኒዝ ይጨምሩበት ነበር፤ ማንጋኒዙ ብዙ ዓመት ፀሐይ ሲመታው ሐምራዊ ይሆናል። ባለ አራት ማዕዘን ምስማር ከክቡ ምስማር በአብዛኛው ይቀድማል። ባለቤቴ በዚህ በኩል በልጣኛለች። እኔ ገና ቆርቆሮውን ሳገላብጥ እሷ ዘመኑን ትነግረኛለች። የምናነሣው ፎቶ ብቻ ነው። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ምስማርም ቢሆን መውሰድ በሕግ ያስጠይቃል።

ስለ መፍጫው ትንሽ ልጨምር። ስታምፕ ሚል የሚሉት ማሽን የኛው ሙቀጫና ዘነዘና ነው፤ ዘነዘናው ከባድ ብረት ሆኖ በሞተር እየተነሣ ይወድቃል። ጆሹዋ ትሪ ውስጥ ሎስት ሆርስ የተባለው ማዕድን ጋ ባለ 10 ዘነዘናው አሁንም ቆሟል። ደርሶ መልስ 4 ማይል በእግር ነው፤ ለጉልበት ብዙም አይከብድም። ከ1894 እስከ 1931 ድረስ 10,000 ኦውንስ ያህል ወርቅ አውጥቷል። ዴዝ ቫሊ ያለው ኪን ወንደር ደግሞ በኬብሉ ይገርማል። ማዕድኑ ተራራው ላይ፣ መፍጫው ታች ነው፤ መሃላቸው አንድ ማይል ያህል ኬብል ተዘርግቷል። ድንጋይ የሞላው ባልዲ በክብደቱ ሲወርድ ባዶውን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ሞተር አያስፈልገውም። ቦታው አደገኛ ስለነበር ከ2008 ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ ጉድጓዶቹ ከተከለሉ በኋላ በ2017 ተከፍቷል።

ወርቁን ከተፈጨው ድንጋይ የሚለዩት በሜርኩሪ ነበር፣ ኋላም በሳያናይድ። ስለዚህ ያን ነጭ የላመ ክምር አትውጡበት፣ ነፋስ ሲነሣም ከአቧራው ራቁ። አርሰኒክና እርሳስም ይኖርበታል። የልጅ ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እጅ ሳትለቁ ነው።

ለረጅም ጊዜ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። በብዙ ቦታ ሁለት ዘመን ተደራርቦ ታያላችሁ፤ የ1900ዎቹ የእንጨትና የድንጋይ ሥራ፣ በላዩ ደግሞ የ1930ዎቹ ኮንክሪት። መልሱ ዋጋው ነው። ወርቅ በኦውንስ 20.67 ዶላር ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ኖሯል። በ1934 መንግሥት 35 ዶላር አደረገው። ያኔ ሥራ አጥነት በዝቷል፣ ወጪ ረክሷል። ስለዚህ ሰው ወደተተወው ጉድጓድ ተመለሰ። በ1942 ኦክቶበር ላይ ደግሞ ሠራተኛውና መሣሪያው ለጦርነቱ ይፈለጋል ተብሎ ኤል 208 በተባለ ትእዛዝ የወርቅ ማዕድኖች እንዲዘጉ ተደረገ። ከጦርነቱ በኋላ ደመወዝና ዕቃ ሲወደድ የወርቅ ዋጋ ግን በዚያው 35 ዶላር ተቸንክሮ ቆየ። ብዙዎቹ ሳይከፈቱ ቀሩ። ወርቁ አልቆ ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ አሁን ይህን እነግረዋለሁ። ቢቲ አካባቢ ወርቅ ፍለጋው እንደገና ተጀምሯል።

ወደ ውስጥ አትግቡ። ይህን ሽማግሌ ስለሆንኩ አይደለም የምለው። ውስጡ ኦክስጅን ያነሰበት አየር ሊኖር ይችላል፤ ሽታ የለውም፣ ሰውየው ሳያውቀው ይወድቃል። የዋሻው ወለል የሚመስለው በበሰበሰ ጣውላ የተሸፈነ ሌላ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። የተረሳ ድማሚትም አለ። እባቡንማ ሳልጨምር ነው። በብረት ፍርግርግ የተዘጉት አፎች ክፍተታቸው ሰፋ ያለው ለሌሊት ወፎቹ ታስቦ ነው፤ እነሱ ይግቡ። ውስጡን ማየት ለሚፈልግ ከቬጋስ በስተደቡብ ኔልሰን አጠገብ፣ ኤልዶራዶ ካንየን ውስጥ፣ ቴካቲካፕ የተባለው አሮጌ ማዕድን አለ። በ1860ዎቹ የተጀመረ ነው፣ በአስጎብኚ ያስገባሉ። እዚያው ሸለቆ ታች በ1974 ሴፕቴምበር ድንገተኛ ጎርፍ መጥቶ ሰው ጨርሷል። ስለዚህ ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትስፈሩ። ዝናቡ እናንተ ጋ ሳይሆን ተራራው ላይ ነው የሚዘንበው።

ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም። ከከተማ ሳንወጣ ካርታውን አውርደን፣ የወረቀቱንም እንይዛለን። በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያም አለን። የጂፒኤሱን አጭር መንገድ ዝም ብላችሁ አትመኑ፤ የሬንጀሮቹን፣ የፓርኩን ጠባቂዎች፣ ምክር አስቀድሙ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ አለ። ቢቲ ውስጥ አህዮች በመንገዱ መሃል ዘና ብለው ይሄዳሉ። ባለቤት የላቸውም። ወርቅ ፈላጊዎቹ ጥለዋቸው የሄዱት አህዮች ዘር ናቸው፤ በ1971 የወጣ የፌዴራል ሕግ ይጠብቃቸዋል። ሳይንቲስቶች አህያ መጀመሪያ የተላመደችው ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ነው ይላሉ፣ ከዱር ዘመዶቿ የቀሩት ጥቂቶቹም አፋር በረሃ ውስጥ አሉ። ባለቤቴ አንዷን «አንቺም እንደኛ ስደተኛ ነሽ» ስትላት ሰማኋት። ምግብ ግን አትስጧቸው፣ መኪና ማሳደድ ይለምዳሉ።

ቀጣዩ ጎልድፊልድ ነው፤ ከቢቲ ወደ ሰሜን 70 ማይል ገደማ። አንድ ሰሞን ከኔቫዳ ከተሞች ትልቋ ነበረች። በ1906 ጆ ጋንስና ባትሊንግ ኔልሰን እዚያ 42 ዙር በቦክስ ተፋልመዋል። ጋንስ ጥቁር አሜሪካዊ የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ ኔልሰን ከቀበቶ በታች ስለመታው ድሉ ለጋንስ ተሰጠ። ቦታውን ማየት እፈልጋለሁ።

ከዚያ ዴዝ ቫሊ ያለው ስኪዱ ይከተላል። ለመፍጫው ከተራራ 20 ማይል ያህል ቧንቧ ዘርግተው ውሃ ያመጡበት ቦታ ነው። የቧንቧውን መስመር መከተል አስባለሁ። መንገዱ ጂፕ ይፈልጋል፣ ሁለት መኪና ሆኖ መሄዱም ይሻላል። ከጥምቀት በኋላ አብሮን መውጣት የሚፈልግ ካለ ይንገረኝ። ድርቆሹ ከኛ፣ ውሃውን ግን እያንዳንዱ ለራሱ ይያዝ።