የእማዬ እግር መደንዘዝና አንድ ፌስታል መድኃኒት

እማዬ 71 ዓመቷ ነው፤ ስኳር ከያዛት 12 ዓመት ሆኗታል። አምና በዐቢይ ጾም "እግሬ ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል" ማለት ጀመረች። ቆየት ብሎ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ሲወልቅ አይታወቃትም ነበር። ቡናውን ምጣድ ላይ ጥዳ መርሳትም መጣ።

"የስኳርና የዕድሜ ነገር ነው" ተብለን ከአንድ ክሊኒክ ተመለስን። እኔም አመንኩ። ፊቷ ገርጥቶ ሳይ ግን ከፋርማሲ ፎሊክ አሲድ ገዝቼ እሰጣት ጀመር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ፎሊክ አሲድ የደም ማነሱን ሊያስተካክል ይችላል። የጎደለው ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ከሆነ ግን ነርቩ ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ደሙ ደህና ስለሚመስል ደግሞ ማንም አይጠረጥርም።

ሌላ ሐኪም ጋ ስንሄድ ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ካደረግኩት ሁሉ የጠቀመን ይሄ ነው። ሐኪሟ የስኳሩን መድኃኒት ሜትፎርሚኑን አነሳችና "እማማ፣ ይሄን ስንት ዓመት ወሰዱ?" አለቻት። ቀጥላ የጨጓራውን ኦሜፕራዞል አየች። ሁለቱም ለዓመታት ሲወሰዱ ሰውነት ቢ12ን ከምግብ እንዳያገኝ ሊያደርጉ ይችላሉ። ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ሰው ላይ የጨጓራ አሲድም ይቀንሳል። ጾሙም አለ። ቢ12 የሚገኘው በሥጋ፣ በጉበት፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ነው። ጤፉም ሽሮውም ምስሩም የላቸውም። የሚያስፈልገን በቀን 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ ጉበታችን ደግሞ ለዓመታት የሚሆን ስለሚያስቀምጥ ጉድለቱ ቶሎ አይታይም።

የደም ምርመራው ውጤት ፍልሰታ ሲገባ መጣ። ቢ12ዋ በጣም አንሷል። የቢ12 መርፌ ታዘዘላት። እኔ "ጾሙን ተዪው" እያልኩ ስጨቀጭቃት፣ እሷ ሐኪሟን የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የፍስክ ነው እንዴ?" ሐኪሟ የመርፌው ቢ12 በባክቴሪያ እንደሚመረት፣ ከእንስሳ እንደማይወጣ በእርጋታ አስረዳቻት። እማዬ እጅጌዋን ሰበሰበች። ለካ መጨቅጨቄን ትቼ መጠየቅ ነበረብኝ።

ድካሙ በሳምንታት ለቀቃት፤ መርሳቱ ቀለል ለማለት ወራት ፈጀ። የግራ እግሯ ጣቶች ግን አሁንም ደንዝዘዋል። ነርቭ ተጎድቶ ከቆየ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ ቶሎ ብንሄድ ኖሮ እላለሁ። ሜትፎርሚኑን አላቆመችም፣ ለስኳሩ ያስፈልጋታል።

አሁን መርፌው በወር አንዴ ነው። ቀኑን ራሷ መረጠች፦ ወር በገባ በ12፣ ሚካኤል። ተሳልማ ስትመለስ ጤና ጣቢያው ጎራ ትላለች።