ዘንድሮስ እስከ መቼ ትቆያላችሁ?

ትናንት፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017፣ እሁድ ማታ ጨዋታው አልቆ ሰው ሲወጣ እትዬ ክንዴን ያዙኝ።

"አንተ የሂሳቡ፣ ቆይ እስቲ።"

ቆምኩ። ባዶ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዘዋል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

"እውነቱን ንገረኝ። ዘንድሮስ እስከ መቼ ትቆያላችሁ?"

እትዬ እኛ ሰፈር፣ ጀሞ፣ ኳስ የሚያሳዩ ሴት ናቸው። ቤታቸው የቆርቆሮ ነው። አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዲሽ፣ ለመቁጠር ሞክሬ የማላውቃቸው አግዳሚ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሻይና የምስር ሳምቡሳ። ኳስ አይወዱም። ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ አንድ ቀን ላስረዳቸው ስል "ተወኝ ልጄ፣ የራሴ ጣጣ ይበቃኛል" ብለውኛል። የአርሴናልን ፕሮግራም ግን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ከደንበኞቻቸው ከግማሽ በላዩ የአርሴ ደጋፊ ነዋ። አርሴናል ለዋንጫ ሲፎካከር ቤቱ ጢም ይላል። ከፉክክሩ ሲወጣ ሰው ይቀራል፤ ሳምቡሳውም ያድራል።

ስለዚህ "እስከ መቼ ትቆያላችሁ" ሲሉ ዋንጫ ትወስዳላችሁ ወይ ማለታቸው አይደለም። እስከ ስንት ወር ቤቴን ትሞሉልኛላችሁ ነው ጥያቄው። ሰኔ ላይ እቁብ ደርሷቸዋል። በዚያ ብር ሁለተኛ ቴሌቪዥን ገዝተው የጓሮውን ክፍል ሊከፍቱ አስበዋል። ምክር የጠየቁኝ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው።

አርሴናልን በተመለከተ ከእኔ የባሰ አማካሪ ግን አልነበረም።

ሥራዬ ግምትና ክንውን ማነጻጸር ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ይህን ያህል ይገባል፣ ይህን ያህል ይወጣል ብለን እናቅዳለን። መጨረሻ ላይ ልዩነቱን አይቼ ምክንያት እጽፋለሁ። ይህ ልማድ ወደ ኳስም ተሻገረብኝ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ሊጉ ሊጀመር ሲል፣ አንድ አሮጌ ደብተር አወጣለሁ። ሁለት መስመር እጽፋለሁ። አንደኛው "አፌ የሚለው" ነው። ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው፣ የተጫዋቹን ብዛት፣ የተቀናቃኙን አቅም ያገናዘበ። ሁለተኛው "ሆዴ የሚለው"። እሱን ለማንም አላሳይም።

የሆዴ መስመር ከዓመት ዓመት አይለወጥም። አንድ ቁጥር ነው።

ጥፋቱ የልጅነቴ ነው። በናይጄሪያዊው አጥቂ በካኑ ነው የጀመርኩት። ረጅም እግሩንና ቼልሲ ላይ የሠራትን ሃትሪክ ያየ የሰፈር ልጅ ሌላ ክለብ ሊመርጥ አይችልም ነበር። ሚያዝያ 1996 ላይ አርሴናል ቶተንሃም ሜዳ 2 ለ 2 ወጥቶ ዋንጫውን ሲያረጋግጥ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አንድም ሳይሸነፍ ጨረሰ። በፈረንጆቹ 1998 ወስዷል፣ 2002 ወስዷል፣ 2004 ወሰደ። ያኔም ሂሳብ እወድ ነበርና ቁጭ ብዬ አሰላሁ፤ በሰባት ዓመት ሦስት። ስለዚህ ቢዘገይ ቢዘገይ 2006 ወይም 2007 ላይ ይደገማል። ባለፈው መረጃ ላይ ተመስርቶ የወደፊቱን መገመት እንዲህ ነው። አሁን ጸጉሬ ከፊት ሸሽቷል።

ታላቅ ወንድሜ በዚህ ይስቅብኛል። እሱ የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ነው፤ ስለዚህ የመሳቅ መብት የለውም። ቡና ፕሪሚየር ሊጉን የወሰደው አንዴ ብቻ፣ በ2003 ነው። የእኔ አርሴናልም መጨረሻ የወሰደው 2003 ላይ የጀመረውን ውድድር ነው። የእሱ በሐበሻ፣ የእኔ በፈረንጅ። "ሁለታችንም 2003 ላይ ቆመናል" ይለኛል፣ "ልዩነቱ አንተ በሰው አቆጣጠር መሆኑ ነው።"

ወንድሜ ደብተር የለውም። በየዓመቱ "ዘንድሮ ቡና ነው" ይላል፣ ፊቱ ሳይኮሳተር፣ ሳይስቅም። በ2013 አቡበከር ናስር 29 ጎል አግብቶ ቡና ከፋሲል ከነማ ቀጥሎ ሁለተኛ ሲወጣ አጽናናዋለሁ ብዬ ደወልኩለት። "ለምን? ምን ሆነ?" አለኝ። እሱ የሚቀጥለውን ዓመት ጀምሯል። እቀናበታለሁ። እኔ አንድ ዓመት ለመጀመር ያለፈውን መዝጋት አለብኝ።

ያልተዘጋልኝ የ2015ቱ ነው። ያን ዓመት አፌ "አራተኛ" ብሎ ነበር። ሆሳዕና ሚያዝያ 1 ዋለ። ጣቴ ላይ የዘንባባ ቀለበቴን እንዳደረግሁ እትዬ ቤት ገባሁ። ማንቸስተር ሲቲ አንድ ቀሪ ጨዋታ ቢኖረውም እኛ በአምስት ነጥብ እንመራለን። አንፊልድ፣ ሊቨርፑል ሜዳ ላይ፣ በ28 ደቂቃ 2 ለ 0 ሆንን። ከዚያ ሳላህ አንድ አገባ። ከእረፍት መልስ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በዚያች ሰከንድ ነው የተበላሸሁት። እስከዚያ ድረስ አፌና ሆዴ ለየብቻ ነበሩ። ሳላህ ሲስት ግን አፌ ከሆዴ ጋር አበረ። ቆሜ፣ ሰው ፊት፣ "ዘንድሮ የእኛ ነው!" አልኩ። በ87ኛው ደቂቃ ፊርሚኖ አቻ አደረገው።

በሳምንቱ ፋሲካ። እናቴ ቤት፣ ዶሮ ወጡ ቀርቧል፣ ዘመድ ተሰብስቧል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከዌስትሃም ጋር ጀመሩ። ስልኬን በጉልበቴ መሃል ደብቄ አያለሁ። በአሥር ደቂቃ 2 ለ 0 መራን። ተነስቼ እናቴን ግንባሯን ሳምኳት። "እንኳን አብሮ አደረሰን" አለችኝ። ከዚያ በፍጹም ቅጣት ምት አንድ ገባብን። ከእረፍት በኋላ ሳካ የእኛን ፍጹም ቅጣት ምት ወደ ውጭ ሰደዳት፣ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ቦውን አቻ አደረገ። እንጀራውን ትቼ ተቀመጥኩ።

"ምነው፣ ዶሮው ከረረብህ?" አለች እናቴ።

"ሆዴን ነው እማ።"

"ከጾም ሲወጡ እንዲህ ነው። ቀስ ብለህ ብላ።"

ከዚያ በኋላ ያለውን አልተርክም። መጨረሻ ላይ ከነበረው ሳውዝሃምፕተን ጋር በሜዳችን 3 ለ 3፣ ሲቲ ሜዳ 4 ለ 1። 248 ቀን አንደኛ ሆኖ ሁለተኛ ወጣ። በደብተሬ ቋንቋ ከተሄደ ግን ያ ዓመት ትልቅ ስኬት ነው። ግምት አራተኛ፣ ክንውን ሁለተኛ፣ ልዩነቱ በጎ። ይህን በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩት። ምንም አልተሻለኝም።

ያኔ የገባኝ አንድ ነገር አለ። "አይ፣ ዘንድሮም አንወስድም" የምንለው ተስፋ ስለሌለን አይደለም። መድን እየገባን ነው። በየሳምንቱ "አንወስድም" እያልኩ አረቦን እከፍላለሁ። አደጋው ሲደርስ ግን ካሣ የሚከፍለኝ ቢሮ የለም። አረቦኑን የከፈለም ያልከፈለም እኩል ነው የሚያመው። እትዬ ቤት ውስጥ "አንወስድም" ብሎ ከሁሉ በላይ የሚጮኸውን ሰውዬ አውቀዋለሁ። ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ የፊቱን ወንበር የሚይዘውም እሱ ነው። ሆድ ያውቃል።

የ2016ቱ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቅጣት ነበር። ግንቦት 6 ማታ፣ ቶተንሃምና ሲቲ። ቶተንሃም ነጥብ ካስጣለልን መጨረሻው ቀን ላይ ዋንጫው በእጃችን ነው። ቤቱ ሞልቶ የአርሴናል ማሊያ የለበሰው ሁሉ ቶተንሃምን ይደግፋል። እትዬ ሳምቡሳ ይዘው ሲገቡ ግራ ገባቸው።

"እነዚህ ጠላቶቻችሁ አይደሉም እንዴ?"

"ለዛሬ ብቻ ነው እትዬ።"

86ኛው ደቂቃ ላይ፣ ሲቲ 1 ለ 0 እየመራ፣ የቶተንሃሙ ሶን ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ተገናኘ። በሕይወቴ ስሙን በፍቅር ጠርቼው የማላውቀውን ሰው "ሶንዬ!" ብዬ ጮህኩ። "ዬ" ጨመርኩለት። ኦርቴጋ በእግሩ መለሳት። በዚያ ሌሊት የቶተንሃም ደጋፊዎች ራሳቸው በሽንፈታቸው ሲዘፍኑ ነበር፣ እኛ ዋንጫ ከምናገኝ ብለው። እኛ ግን ጀሞ ላይ ሆነን አለቀስንላቸው።

ያን ዓመት 89 ነጥብ ሰበሰብን። 28 ጨዋታ አሸነፍን። ሳይሸነፍ የጨረሰው ያ ቡድን እንኳ ያሸነፈው 26 ነው። እነሱ ዋንጫ አላቸው፤ እኛ ሁለተኛ ነን። አንድ ሂሳብ ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ድምሩ የማይመጣበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሥራ ቦታ ቢገጥመኝ ኦዲተር እጠራ ነበር።

አምና ሊቨርፑል አራት ጨዋታ ሲቀረው ጨረሰው። የእኛ ነገር ቀደም ብሎ ነው ያለቀው፤ ሳካ ታኅሣሥ ላይ፣ ሃቨርትዝ የካቲት መጀመሪያ ላይ ከጀርባ ታፋቸው ተጎድተው አማካዩን ሜሪኖን አጥቂ አድርገን ስንጫወት። እትዬን ያተረፋቸው ሻምፒዮንስ ሊጉ ነው። መጋቢት 30 ማታ፣ በሕይወቱ በቀጥታ ቅጣት ምት አግብቶ የማያውቀው ራይስ ሪያል ማድሪድ ላይ ሁለት ሲያገባ ቤቱ ውስጥ መተንፈሻ አልነበረም። ፓሪስ እስኪያሰናብተን፣ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ፣ ሳምቡሳው አላደረም።

እንግዲህ ወደ ትናንቱ ጥያቄ ልመለስ። ትናንት ኦልድ ትራፎርድ ላይ ማንቸስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፈናል። ካላፊዮሪ ከማዕዘን ምት። እውነቱን ለመናገር እነሱ ናቸው የተጫወቱት። ብዙ ሞከሩ፣ በረኛችን ራያ አዳነን። አዲሱ አጥቂ ዮኬሬሽ፣ አምና ለስፖርቲንግ በጠቅላላው 54 ጎል ያገባው፣ ኳስ ሳይነካ ማለት ይቻላል በ60ኛው ደቂቃ ወጣ። የማንቼ ደጋፊ የሆነው የሥራ ባልደረባዬ "በዕድል ነው" ብሎ ጻፈልኝ። ትክክል ነው። ግን ስንት ዓመት እየተጫወትን በዕድል ስንሸነፍ ኖረናል። አንዴ ቢገለበጥ ምናለ?

አየህ፣ ጀመርኩ። ገና አንድ ጨዋታ ነው።

ለእትዬ ግን የሰጠሁት መልስ የባለሙያ ነው። "ይግዙት" አልኳቸው። "ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥተናል። ሁለተኛ ማለት ለእርስዎ ጥሩ ነው። ሻምፒዮንስ ሊጉም አለ። እስከ ግንቦት እንቆያለን።" ይህን ስል ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ፤ ለእኔ በሽታ የሆነው ሁለተኛነት ለእሳቸው ገቢ ነው። እንዲያውም ከአንደኝነት ይሻላል። ቀድሞ ዋንጫውን የጨረሰ ቡድን ደጋፊ ቤቱ ተኝቶ ያያል።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

እዚህ ላይ ስለ እትዬ ቃል መናገር አለብኝ። በየዓመቱ ነሐሴ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ማታ፣ "ዋንጫውን ከወሰዳችሁ ለቤቱ ሁሉ ሻይ ከነሳምቡሳው በነጻ" ይላሉ። በሂሳብ አያያዝ የመከሰት ዕድሉ እጅግ ጠባብ የሆነ ዕዳ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ዕድሉ ከፍ ካለ ግን መጠባበቂያ ይያዝለታል። እትዬ ይህን ሳይማሩ ያውቁታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ቃል ገብተው አንዲት ሳምቡሳ አልከሰሩም።

"ዘንድሮስ ቃሉ እንዳለ ነው?" አልኳቸው ጃንጥላዬን እየዘረጋሁ። ከመንገዱ ማዶ የቡሄ ጅራፍ ይጮሃል፤ ልጆቹ ዝናቡ ሳያባራ ልምምድ ጀምረዋል።

"አለ እንጂ" አሉ። "ሻይ በነጻ።"

"ሳምቡሳውስ?"

ቀና ብለው አላዩኝም። ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመሩ።

"ሻይ ብቻ ነው ዘንድሮ። ዘይት ተወዷል።"

ዘይት አምናም ተወዶ ነበር። ካቻምናም። ጭቃውን እየዘለልኩ ቤቴ ደረስኩ፣ ደብተሩን አወጣሁ፣ አፌ በሚለው መስመር ላይ "ሁለተኛ" ብዬ የጻፍኩትን ረጅም ጊዜ አየሁት።